ሁለት ጣት ይትረፍ

አውስትራሊያ ውስጥ መኪናውን አቁሞ የሥራ መሣሪያ ያወጣ ሰው፣ ያልጠራው አማካሪ ከተፍ ይልበታል። በረሃ መሃል ብትሆኑ እንኳ አይቀርላችሁም። አማካሪው የሚመጣው ወንበሩን ይዞ ነው፤ ወንበሩ ይታጠፋል፣ ቃሉ ግን አይታጠፍም።

የእኛው አማካሪ የተከበሩ ዳረል ይባላሉ። ሴዱና ከተማ፣ እንደኛ ቤታቸውን በመኪና ይዘው የሚዞሩ ጡረተኞች የሚያርፉበት ግቢ ውስጥ ነው የገጠሙኝ። ለሁሉም ነገር መድኃኒታቸው አንድ ነው፤ «ሁለት ጣት ይትረፍ» ይላሉ። መጋረጃ ለሚሰቅል፣ ገመድ ለሚቆርጥ ይህንኑ ነው። የባሏን ፀጉር የምትቆርጥ ሴትዮ አጠገብ ቆመውም ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በዚያ ላይ ከሰው ሥራ የተረፈውን ስፖንጅ ለቃቅመው ይወስዳሉ። ምን እንደሚያደርጉበት ግን የሚያውቅ የለም።

የኔ ጣጣ የጀመረው ከመኪናችን አልጋ ነው። ቀን የምንቀመጥባቸው ትራሶች፣ ማታ ገበታው ዝቅ ሲል ተጋጥመው አልጋ ይሆናሉ። ስፖንጃቸው አርጅቶ ሳንቃው የባለቤቴን የኖሪንን ዳሌ ይወጋ ጀመር።

«በዚህ እንጨት ላይ ተኝቼ በረሃውን አላቋርጥም» አለች። «ወይ ስፖንጁ ይቀየራል፣ ወይ እኔ በአውሮፕላን ልጄ ጋ እሄዳለሁ።»

ኖሪን ካለች አለች ነው። ስለዚህ ስፖንጅና ጨርቅ ገዛሁ፤ እሷ የትራሶቹን ልብስ ሰፋች፣ እኔ የገና ሥጋ የምንቆርጥበትን የኤሌክትሪክ ቢላ አወጣሁ። ገና ሳልሰካው ዳረል ወንበራቸውን ዘረጉ።

«ወንድሜ፣ ሁለት ጣት ይትረፍ። ስፖንጁ ከልብሱ ካልበለጠ ይሸበሸብሃል።»

«አውቃለሁ!»

«ቢላውስ ጥሩ ነው። እኔን የሚያሰጋኝ እጁ ነው።»

እልህ ያዘኝ። በእልህ ቆረጥኩ፤ የመጨረሻውንማ ከልኩም አሳነስኩት። ሌሎቹን ግን በሳቸው ትእዛዝ በላስቲክ ጠቅልለን፣ አየሩን በአቧራ መምጠጫ ማሽን ስበን፣ ኩምሽሽ ሲሉ ልብሳቸው ውስጥ ከተትናቸው። ላስቲኩ ሲከፈት ስፖንጁ እፎይ ብሎ ሞላ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር።

ገበታውን ዝቅ አድርገን ትራሶቹን ስንገጥም፣ ያሳነስኩት ትራስ ጋ፣ መሃል ላይ አንድ ጋት ክፍተት ቀረ። ኖሪን ጋደም አለች። ዳሌዋ ስምጥ አለ፣ እዚያው ክፍተቱ ላይ። ተነስታ ስልኳን አንስታ የአውሮፕላን ትኬት ዋጋ ማየት ጀመረች።

ዳረል «ብዬህ ነበር» አላሉም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ብድግ ብለው ወደ መኪናቸው ሄዱ፤ ተከትዬ ገባሁ። አልጋቸው ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ግራጫ ነው፤ ቁርጥራጭ ስፖንጅ አጣብቀው የሠሩት።

«ይቺ የግሌኒስ ናት፣ ብሩም ከተማ ላይ ያገኘኋት። ይሄ የላክላን ነው፤ አሁን ጀልባ ገዝቷል። ይሄ የተረፋቸው ባልና ሚስት ደግሞ ተፋተዋል፤ ስፖንጃቸው ግን እስካሁን ፍንክች አላለም።»

ይህን እያሉ ከትከሻቸው ሥር የሚገባውን ወፍራሙን ግራጫ መንጭቀው አወጡ።

«እንዴ፣ አንተስ?» አልኩ።

«ያንተ ቁርጥራጭ አለ አይደል? እንዳቆራረጥህማ ለሦስት ሰው ይበቃል።»

ክፍተቱን ሞላነው። በማግስቱ ፀሐይ ወጥታ ኖሪን ታንኮራፋለች። በሩ ላይ ዳረል ወንበራቸውን ዘርግተው ጠበቁኝ፤ እኔም የኔን አጠገባቸው ዘረጋሁ። ሁለታችንም ማንኮራፋቷን አዳመጥን። ወደድኳቸው፣ ምን ይደረግ!

ኖሪን እየተንጠራራች ብቅ አለች። «ታዲያ በረሃውን መቼ ነው የምንገባው?»

«ዛሬ» አልኩና ወደ ዳረል ዞርኩ። «አብረኸን ና። ግን ስትነዳ ጭራዬ ላይ እንዳትለጠፍ።»

«ስንት ልራቅ?»

«ሁለት ጣት ይትረፍ።»