የእትዬ ጫልቱ መወርወሪያ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ዝውውር ጠይቆ መልስ ከሚጠብቅ የመንግሥት ሠራተኛ የባሰ እረፍት የሌለው ፍጡር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ምጥ የያዛት ሴት እንኳ ቢበዛ በማግስቱ ትገላገላለች። ዝውውር የጠየቀ ሰው ግን ዓመት ከዓመት ያምጣል። አልጋ አይገዛም፤ “ነገ ለምሄደው ምን ያደርግልኛል?” ይላል። ድስት አይገዛም። ጎረቤት አይለምድም፤ ቢለምድም በግማሽ ልቡ ነው። ግድግዳ ላይ ምስማር ከመታ ሥር የሰደደ ስለሚመስለው ኮቱን የበር እጀታ ላይ ያንጠለጥላል። በሩ ሲከፈት ኮቱ ይወድቃል፤ ያነሳዋል፤ ደግሞ ይከፈታል፤ ደግሞ ይወድቃል። እኔ ጎባ ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ኮት ሳነሳ ኖሬያለሁ። ምስማር ደግሞ በየሱቁ ሞልቶ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከኮሌጅ እንደወጣሁ የእጅ ሥራ አስተማሪ ተብዬ ባሌ ተመደብኩ። “ባሌ” ሲሉኝ ቆላ መስሎኝ ሁለት ስስ ሸሚዝ ይዤ መጣሁ። ከሳነቴ ተራራ አናት ቁልቁል የሚወርደው የጎባ ብርድ ገና ከአውቶቡስ ስወርድ ጆሮዬን ይዞ “አንተን ደግሞ ማን ላከህ?” ያለኝ መሰለኝ። ብርዱስ ይሁን፤ ሰው ብርድ ይለምዳል። የኔ ጭንቅ አዲስ አበባ የቀረችው ሰናይት ነበረች። ቀለበት አስረናል። “አንድ ዓመት ብቻ ታገሺኝ፤ ተዛውሬ እመጣለሁ” ብያት ነው የመጣሁት። በመጀመሪያው ዓመት ደብዳቤዋ አራት ገጽ ነበር፤ ያውም በፊትና በጀርባ የተጻፈ። በሁለተኛው ዓመት አንድ ገጽ ሆነ። በሦስተኛው “እንኳን አደረሰህ” የምትል ካርድ ብቻ ቀረች፤ እሷም የፋሲካዋ የደረሰችኝ ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ይህን እያየ የማይቅበጠበጥ ሰው ካለ እሱ እጮኛ ኖሮት አያውቅም።

የተከራየሁት የሸማኔ ግቢ ውስጥ ነበር። አከራዬ ጋሼ ደምሴ ከመንዝ ፈልሰው መጥተው ጎባ ላይ የከተሙ፣ ቡሉኮ በመሥራት የታወቁ ሰው ናቸው። ያን ጊዜ “ሸማኔ” ብሎ መስደብ ቀርቶ “ጓድ ዕደ ጥበበኛ” ማለት መጥቷል። ጋሼ ደምሴ ግን ነገሩ ብዙም አላስደነቃቸውም። “ስሙ ተለወጠ እንጂ ጉድጓዱ ያው ነው” ይሉ ነበር፣ እግራቸውን ጉድጓዳቸው ውስጥ እየከተቱ። ሚስታቸው እትዬ ጫልቱ የዚያው የጎባ ተወላጅ ናቸው። ወሬ በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሳሉ፤ የተቆጡ ዕለት ግን ከመጀመሪያውም በኦሮምኛ ነው። ጋሼ ደምሴ በተቆጡ ጊዜ ዝም ይላሉ። እንዲህ ሆነው ሃያ ምናምን ዓመት ተግባብተው ኖረዋል።

ሸማኔ ሲሠራ ያላያችሁ እንደሆነ ላስረዳችሁ። መወርወሪያ የሚባለው ጀልባ መሳይ እንጨት ነው። ሸማኔው በተዘረጋው ድር መካከል ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይወረውረዋል። በሆዱ ውስጥ ማግ የተጠቀለለበት ቀሰም ይቀመጣል፤ ቀሰም ማለት የሸምበቆ ቁራጭ ናት። ማጉን እቀሰሙ ላይ የምታዳውረው ሴቲቱ ናት። ቀሰሙን ከመወርወሪያው ጋር የሚያያይዘው ደግሞ አንድ ቀጭን ስንጥር፣ በቃ። ለነጠላ ስንጥር ይበቃል። የቡሉኮ ማግ ግን ወፍራም ነው፤ ቀሰሙ ይከብዳል፤ ጋሼ ደምሴ ወርወር ሲያደርጉት ስንጥሩ ቀጭ ይልና ቀሰሙ ዘሎ ጉድጓድ ይገባል። ማጉም እየተተረተረ ይከተለዋል። “ቀሰም!” ብለው ይጮሃሉ። እትዬ ጫልቱ ከእሳት ዳር ይሁን ከደጅ፣ ያሉበትን ጥለው ይሮጣሉ፤ ያወጣሉ፤ አፈሩን ያራግፋሉ፤ እንደገና ያዳውራሉ። ገና ወገባቸውን ሳያቀኑ “ቀሰም!” ይባላል። እኔ በዚያ ግቢ ሦስት ዓመት ከዶሮ ጩኸት ይልቅ የሰማሁት ይህንኑ ነው።

አንድ ቅዳሜ እትዬ ጫልቱ ደጃፍ ተቀምጠው የጋሼ ደምሴን የእጅ ባትሪ አዲስ ድንጋይ ያጎርሱ ነበር። ጋሼ ደምሴ እንደማንኛውም የቀበሌው አባወራ የጥበቃ ተራ ይደርሳቸዋል፤ ባትሪዋም ከቀበሌ የተሰጠቻቸው ለዚሁ ነው። እትዬ ጫልቱ ድንጋዩን በጎኗ በሚከፈተው በኩል ከተው፣ ክዳኑን ሳይገጥሙ ገለበጡት። ነቀነቁት።

“ያ ረቢ! መምህር፣ ይሄ ድንጋይ ለምን አይወድቅም?” አሉኝ።

“ሞላ ስላለው ነዋ። ሞላው ገፍቶ ይይዘዋል” አልኩና ወደ ሰናይት ካርድ ተመለስኩ። ለስንተኛ ጊዜ እንደማነባት እንጃ። አያችሁ፣ የእጅ ሥራ ዲፕሎማ ያለው እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ “ቀሰም!” ሲባል የሰማሁ እኔ ነኝ። ሞላ ምን እንደሚሠራ በአፌ የተናገርኩትም እኔ ነኝ። ግን ልቤ አዲስ አበባ ስለነበር ምንም አልታየኝም።

ሰኞ ዕለት ባትሪዋ ሞላ አልነበራትም። መወርወሪያው ግን ነበረው። እትዬ ጫልቱ የመወርወሪያውን አንድ ጫፍ በጋለ ሽቦ በስተው ሞላውን ቀብረዋል፤ ከሞላው ፊት ትንሽ የእንጨት ጡት አድርገዋል፤ በሌላው ጫፍም እንዲሁ፣ ያለ ሞላ። ቀሰሙን ገፋ አድርገው ሲያስገቡት ጠቅ ይላል፤ መካከል ላይ ሆኖ እንደልቡ ይሽከረከራል እንጂ አይወጣም። ጋሼ ደምሴ ወረወሩ። ደግመው ወረወሩ። ከልማድ የተነሳ ሁለት ጊዜ ለመጮህ አፋቸውን ከፍተው የሚጮሁበት ነገር አጡ። ያ ቡሉኮ ከሌላው ጊዜ ቀድሞ አለቀ። ባትሪዋን በተመለከተ፣ ጋሼ ደምሴ ለጥበቃ ጓዶቻቸው “ዓይኔ ጨለማ ለምዷል” ብለው አለፉት።

በዚያው ሰሞን መምህራን ክፍል አንድ ወሬ ገባ። ጎባ ላይ የክፍለ ሀገሩ ኤግዚቢሽን ሊከፈት ነው፤ ጥሩ ፈጠራ ያቀረበ ሠራተኛ አዲስ አበባ ይወሰዳል ተባለ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ያን ቀን ከሰዓት ማስመሪያና ኮምፓሴን አውጥቼ መወርወሪያውን ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ ነደፍኩት። “የተሻሻለ የመወርወሪያ ቀሰም መያዣ” ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ከታች በኩል ስሜን አሳምሬ አሰፈርኩ። ሕሊናዬ ጎሸም ሲያደርገኝ “ንድፉን የሠራሁት እኔ አይደለሁም እንዴ? እሳቸው ሞላ ነቀሉ እንጂ ምን አደረጉ?” አልኩት። ሕሊና ደግሞ አንዳንዴ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚታለል ታውቃላችሁ። ዕቃውን ስለምናቸው እትዬ ጫልቱ “ውሰድ፣ ግን ቶሎ መልስ፤ የተዳወረ ማግ ይዤ ቁጭ ብያለሁ” ብለው ሰጡኝ።

በኤግዚቢሽኑ ቀን ከሲናና የመጣ ስንዴ በአንድ በኩል ተደርድሯል፣ የኔ መወርወሪያ በሌላ። የኔ ስል አፌን አይዘኝም። የክፍለ ሀገሩ ኃላፊ፣ ወፍራምና ሳቂታ ሰው ናቸው፣ መወርወሪያውን አንስተው ገለበጡት። ነቀነቁት። ቀሰሙ አልወደቀም።

“የማን ፈጠራ ነው?” አሉ።

“የኔ” አልኩ። ከአፌ ሲወጣ እንዴት ቀሎኝ ነበር!

አንደኛ ወጣሁ። ጭብጨባው ውስጥ ሆኜ ሰናይትን አውቶቡስ ተራ ቆማ ስትጠብቀኝ አያት ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መጣልኝ። ሳልከፍተው ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር ጎትቼ አወጣሁ። ሸሚዞቼን አጣጠፍኩ። ከዚያ ከፈትኩት። “ጓድ፣ ያበረከቱት የፈጠራ ሥራ ለክፍለ ሀገሩ ሸማኔዎች ሁሉ መዳረስ ስላለበትና ይህን የሚያሠለጥን ሌላ ባለሙያ ስለሌለ፣ የዝውውር ጥያቄዎን ያልተቀበልነው መሆኑን እየገለጽን፣ ከመጪው ወር ጀምሮ በየአውራጃው እየተንቀሳቀሱ…” ይላል። ቀሪውን አላነበብኩትም። የሰው ወርቅ አያደምቅም ሲባል እሰማ ነበር፤ ሰንሰለት እንደሚሆን ግን የነገረኝ አልነበረም።

ኃላፊው ቢሮ ሄድኩ፤ ለመንኩ። “እንዲህ ያለ ጭንቅላት ከባሌ ይወጣል እንዴ? የሚወስዱዎት በሬሳችን ላይ ተራምደው ነው!” ብለው ሳቁ። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። በመጨረሻ የቀረኝ መንገድ አንድ ብቻ ሆኖ ታየኝ፤ እውነቱን መናገር። እውነትን እንኳ የፈለግኋት ለማምለጫ ነው፤ ታዘቡኝ። ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ፣ የሚያባርሩኝ ወደ አዲስ አበባ ነው ብዬ በዓርቡ የውይይት ክበብ እጄን አወጣሁ።

“ጓዶች፣ መወርወሪያው የኔ አይደለም። የሠሩት አከራዬ እትዬ ጫልቱ ናቸው። እኔ ሰርቄ በስሜ አቀረብኩት። ሌባ ነኝ” አልኩ። ጥፋቱ ጮክ ብሎ ሲነገር ካሰብኩት በላይ አስቀያሚ ሆኖ ተሰማኝ።

ኃላፊው ተነሱ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

“ጓዶች!” አሉ፣ “ግለ ሂስ፣ ግለ ሂስ ስንል የከረምነው ይህንን ነው! ምሁር ሆኖ ከሰፊው ሕዝብ ተማረ፤ ተምሮም አልደበቀም!”

እንደዚያ ያለ ጭብጨባ በሕይወቴ አልሰማሁም። እዚያው ተቀምጠው ወሰኑ። እኔን የመሰለ በግለ ሂስ የጠራ ጓድ ለሥልጠናው ግድ ስለሆነ ባሌ እቆያለሁ። አዲስ አበባ በሚከፈተው ትልቁ ኤግዚቢሽን ላይ ደግሞ ሰፊውን ሕዝብ ወክለው እትዬ ጫልቱ ይሄዳሉ።

ወሬው ከኔ ቀድሞ ግቢው ደረሰ። እትዬ ጫልቱ ምንም እንዳልሆነ ማግ ያዳውሩ ነበር። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

“መምህር፣ ጫልቱ ብሎ ለመጻፍ ስንት ፊደል ነው?” አሉኝ ቀና ሳይሉ።

“ሦስት።”

“ሦስት ፊደል ከበደህ?”

የምገባበት ጠፋኝ። ጉድጓዱ ውስጥ ያሉት ጋሼ ደምሴ እንኳ ሐዘኔታ በሞላው ዓይን አዩኝ። እትዬ ጫልቱ “በል ተወው። ለዚያች ልጅ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። የምትልክላት ካለ አምጣ፣ አደርስልሃለሁ” አሉ። በዚያ መወርወሪያ መጀመሪያ የተሠራውን ቡሉኮ ከጋሼ ደምሴ ገዛሁ። ደብዳቤም ጻፍኩ፤ “አንድ ዓመት ብቻ ጨምሪልኝ” የሚል።

እሳቸው አዲስ አበባ የቆዩትን አሥራ ሁለት ቀን እኔ እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። ከአሥረኛው ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ አውቶቡስ ተራ ነው። ጥፍሬን ጨርሼ ወደ ጣቴ ተሸጋግሬ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወደ አመሻሹ ላይ እትዬ ጫልቱ አዲስ ጫማ ተጫምተው፣ በአቧራ ነጥተው ወረዱ። ሰላምታውን እንኳ በወጉ አላስጨረስኳቸውም።

“አገኟት?”

“ቆይ እንጂ፣ ልተንፍስ! አንድ ትልቅ ሰውዬ ‘ሞላው ከየት መጣ?’ ቢለኝ ‘ከቀበሌ ባትሪ’ አልኩት፤ የኛ ኃላፊ ሳል ይዞት ሊሞት…”

“እትዬ ጫልቱ፣ ሰናይትን አገኟት ወይ?”

“አገኘኋት። ምን የመሰለች ልጅ ናት! እግሬን አጠበችኝ። አልጋዋን ለቀቀችልኝ።”

“ደብዳቤውንስ?”

“አነበበችው። አለቀሰች።”

አለቀሰች! ያለቀሰች ሴት አልረሳችም ማለት ነው።

“ከዚያስ?” አልኩ።

“ከዚያማ እሳት ውስጥ ከተተችው።”

“ለምን?”

“ባሏ ሊገባ ነበራ!”

እትዬ ጫልቱ ፊቴን አዩት። ያሰቡት የሚያጽናና ቃል እንደነበር አልጠራጠርም፤ ክፋት የሚባል አልፈጠረባቸውም። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

“ቡሉኮውን ግን በጣም ወደደው” አሉኝ። “‘የሠራው እጅ ይባረክ’ ብሎ መርቆሃል። ደግ ሰው ነው። በል አሁን ሻንጣዬን ያዝልኝ፣ እንሂድ፤ ነገ ጊኒር ሥልጠና አለብህ አይደል?”

“አዎ፣ አለብኝ” አልኩ። ሻንጣቸውን ተሸክሜ ከኋላ ከኋላቸው ሄድኩ።