መርጠው የማይጨርሱት እትዬ ቨርና

ልጆቹን ቤት የሚያስተምር ሰው ባለበት አገር ሁሉ፣ መርጦ የማይጨርስ አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ ጋ፣ በሚዙሪ ገጠር፣ ይህን ከፍተኛ ማዕረግ የያዙት ክብርት ወይዘሮ ቨርና ክሌይብሩክ ናቸው። ትንሹም ትልቁም እትዬ ቨርና ይላቸዋል። የሚመርጡት ትንንሽ ልጆች በእጃቸው እየነካኩ የሚማሩትን ሒሳብ ነው፤ ዘንጉን፣ ኩቡን፣ ሚዛኑን፣ በሳጥን ታሽጎ የሚሸጠውን ሁሉ። «ይሄኛው ይሻላል» ሲሉ የሰማቸው ሰው ግን የለም። የትኛው ጥሩ ነው ብላችሁ ብትጠይቋቸው «እኔ እንጃ ልጄ፣ ገና እያየሁት ነው» ይሏችኋል።

በየፀደዩ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት የትምህርት መጻሕፍት ገበያ አለ። እትዬ ቨርና ቆመው አይገዙም። ሳጥኑን ይከፍቱና መተላለፊያው ላይ ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ እናቶች ልጅ እንዳዘሉ በላያቸው ይሻገራሉ። ዘንድሮ ከረቫት ያሰረ አንድ ወጣት ሻጭ «በዚህኛው ልጅዎ በደስታ ይማራል» አላቸው።

«ደስታውን ለእኛ ተወው» አሉት። «ይሄ ዘንግ ለምን ሰማያዊ ሆነ?»

ወጣቱ መመሪያውን ገለጠ፣ እንደገና ገለጠ። «እ... ቀለሙ ስለሚያምር ይመስለኛል።»

«እሱንማ እኔም አየሁት» ብለው ኩቡን በጥርሳቸው ሞከሩት።

በሌላ ቀን ደግሞ ሁላችንም ምግብ ይዘን በተሰበሰብንበት፣ የመጫወቻ ሚዛን ከቦርሳቸው አውጥተው ድንች ሰላጣ ከኮክ ጋር ይመዝኑ ጀመር። ፓስተር ሃርሊን ባዶ ሳህን ይዘው ከኋላቸው ቆመዋል። የተራበ መንጋ በማን እንደሚያጉረመርም መቼም ይታወቃል። እትዬ ቨርና ግን ዞር ብለው «ፓስተር፣ እስኪ የትኛው ያጋድላል ይላሉ?» አሏቸው። ፓስተሩም ረሃባቸውን ረስተው ተከራከሩ።

ሐምሌ ላይ ነገሩ እኔም ቤት ገባ። ቤት የማስተምራት የሰባት ዓመቷ ልጄ ኦፓል መደመርን እየሣቀች ጨርሳ፣ መቀነስ ላይ ስትደርስ ደረቀች። «ከሃምሳ ሁለት ላይ ሃያ ሰባት ሲቀነስ?» ስላት እርሳሷን አስቀምጣ ጠረጴዛው ሥር ትገባለች። «መልሱን እያወቅሽው ለምን ትጠይቂኛለሽ?» ትለኛለች እዚያው ሆና።

እኔም ሳጥን ሳማርጥ ክረምቱ ማለቅ ጀመረ። ባሌ ዴል ትዕግሥቱ አለቀ። «መራጭ ይወድቃል ከምራጭ ሲባል አልሰማሽም? አንዱን አንሺና ጀምሪ። ትምህርት ቤት እስኪከፈት መቀነስ ካልቻለች የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ይወስዳታል፤ አለቀ» አለኝ። ጥፋቱ የእኔ መሰለኝ። ልጄን ከጎኔ እንዳላጣት ፈራሁ። በቸገረኝ ጊዜ፣ ማንም የማይመክረውን አደረግሁ፤ እትዬ ቨርናን ጠራሁ።

መኪና ሙሉ ሳጥን ይዘው መጡ። ወለሉ ላይ ሲዘረጉት፣ እስከ ዛሬ ጠይቄያቸው የማላውቀው ነገር ትዝ አለኝ።

«ለመሆኑ የእርስዎ ትንሹ ልጅ በየትኛው ነው የሚማረው?»

«ክላይድ? ክላይድማ ቱልሳ ከተማ ብረት በያጅ ነው። አግብቷል እኮ።»

«ታዲያ ለማን ነው የሚመርጡት?»

ዘንጎቹን መደርደራቸውን አላቆሙም። «ልጅ ሆኜ አስተማሪዬ 'አንቺ ሒሳብ አይገባሽም' አለችኝ። ልጆቼን ላስተምር ስቀመጥ፣ ለምን እንዳልገባኝ እስኪ ልየው አልኩ። ከዚያ ጣፈጠኝ። ግን እስካሁን የማይገባኝ ነገር አለ። ስናነብ ከግራ ነው የምንጀምረው። ስንቀንስ ለምን ከቀኝ ጀምሩ ይሉናል?»

እኔም ዘንጎቹን ማየት ጀመርኩ።

«ከግራ ቢጀመርስ?» አለ ከጠረጴዛው ሥር የመጣ ድምፅ።

«እኔ እንጃ» አሉ እትዬ ቨርና።

«እውነት አያውቁትም?»

«እውነቴን ነው የኔ ልጅ።»

ኦፓል እየዳኸች ወጣች። አምስት የአሥር ዘንጎችና ሁለት ኩቦች ደረደረች። በግራ በኩል ጀምራ ሁለት ዘንግ አነሣች፤ ሦስት ቀረ። ሰባት ኩብ ልታነሣ ስትል ያለው ሁለት ብቻ ነው። እስክትሸሽ ጠበቅኩ። እሷ ግን አንዱን ዘንግ በአሥር ኩብ ለውጣ ሰባቱን አነሣች።

«ሃያ አምስት! ከግራም ይሆናል!»

እትዬ ቨርና ራሳቸውን ያዙ። «ዕድሜ ልኬን ከቀኝ ስጀምር! ታዲያ ለምን ከቀኝ አሉን?»

ኦፓል ወረቀት ሳበች። ከግራ ጀምራ ሦስትን ጻፈች፣ ትንሽ አሰበች፣ ሰርዛ ሁለት አደረገችው። «ወረቀት ላይ ከሆነ የጻፍኩትን ልሰርዝ ነው። ለዚህ ነዋ ከቀኝ የሚጀምሩት!»

«ለዚህ ነዋ!» ብለው ጮኹ እትዬ ቨርና፣ ሽበታቸውን ረስተው። ለካ ልጄ የምትሸሸው መልሱን እያወቁ ከሚጠይቋት ሰዎች ነበር። ደስታዬን እንዳያዩብኝ ዕቃ የማጥብ መስዬ ዞርኩ።

ዴል ማታ ሲገባ ኦፓል ያንኑ «ለምን ከቀኝ?» የሚለውን ጥያቄ አቀረበችለት። አላወቀውም። በሥራ ልብሱ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ዘንግ ሲያነሣና ሲጥል ራቱ ቀዘቀዘ። ሲገባው ቀና ብሎ አየኝና «ዘንድሮ እዚሁ ትቆይ» አለ።

እኔም ያን ሌሊት ስጸልይ አንድ ነገር ጨመርኩ፤ እግዜር ሆይ፣ እትዬ ቨርና መርጠው እንዳይጨርሱ።