የቤዶክ ባላባት ወደ ምዕራብ ሲሻገሩ

ከሰፈሩ ፈቀቅ ሳይል ስለ ሌላው ሰፈር ሁሉ የሚፈርድ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ከተማው ሰፊ ከሆነ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ማን ሄዶ ያጣራል? የኛ ሲንጋፖር ግን ከዳር እስከ ዳር በባቡር አንድ ሰዓት ከምናምን የምታልቅ ደሴት ናት። እንዲህ ባለች መሬት ላይ ተቀምጦ «እነዚያ ማዶ ያሉት» እያሉ ማውራት ድፍረት ይጠይቃል። የፎቃችን ባላባት ክቡር ጋሽ ኮ ቦን ቴክ ደግሞ ድፍረት አንሷቸው አያውቅም።

ጋሽ ቦን ቴክ የሚኖሩት በደሴቲቱ ምሥራቅ፣ ቤዶክ ሰፈር፣ ዘጠነኛ ፎቅ፣ ከኔ ቤት ሦስት በር አለፍ ብሎ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድተዋል፤ ሠላሳ አንዱንም ዓመት በምሥራቅ መስመር። ጡረታ ሲወጡ መሪውን አስረከቡ እንጂ ተሳፋሪውን አላስረከቡም። ከኛ ፎቅ ማንም ቤት የውጭ እንግዳ ከመጣ፣ ሻንጣው ሳይፈታ በነጠላ ጫማ በሩ ላይ ይቆማሉ። ከዚያ ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ ደሴቲቱን ያካፍላሉ።

«ስሙኝ! ደቡብ ለፎቶ ነው። ሰሜን ለዝንጀሮ ነው። ምዕራብ ለሙታን ነው። ለሰው የተሠራው ምሥራቅ ብቻ ነው!»

ምዕራብን ለሙታን የሰጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ትልቁ የመቃብር ስፍራ ያለው በምዕራብ፣ ቾዋ ቹ ካንግ ነው፤ የእናት አባታቸውም መቃብር እዚያው ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ መቃብር በሚጠረግበት ሰሞን፣ ጃንጥላ፣ የራስ ምታት ቅባት፣ ብስኩትና ትርፍ ካናቴራ ይዘው ይሻገራሉ። ሲመለሱ «እንዴት ነበር?» ካልኳቸው መልሳቸው ሁሌም አንድ ነው።

«እነሱስ ደህና ናቸው። ሩዙ ግን ይደርቃል።»

የአክስቴ ልጅ ማላቲ ከቼናይ ስትመጣ የምታየውን ሁሉ በወረቀት ጽፋ ነበር፤ ደቡብ ያለውን ውሃ የሚተፋ ሐውልት፣ ሰሜን ያለውን የአራዊት መናፈሻ፣ ምዕራብ ያለውን የቻይና አትክልት ቦታ። ጋሽ ቦን ቴክ ወረቀቱን ተቀበሉ፣ አነበቡ፣ በአክብሮት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ያ ወረቀት ከዚያ ወዲያ የገባበት አልታወቀም።

ማላቲ አራት ቀን ሙሉ ምሥራቅን ዞረች። በመጀመሪያው ቀን ባሕሩ ዳር ካለው የምግብ አዳራሽ ገባን። ጋሽ ቦን ቴክ አንድ ፓኬት ሶፍት ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው ላክሳ የሚባለውን ሾርባ ሊገዙ ተሰለፉ፤ እኔም ተከተልኳቸው። እኛ ዘንድ ሶፍት የተጣለበት ጠረጴዛ የተያዘ ነው፤ ሚኒስትር ቢመጣ እንኳ አይቀመጥበትም። ማላቲ ይህን ከየት ታውቃለች? ጉንፋን ይዟት ስለነበር ተናፈጠችበትና የቀረውን ይዛ እጇን ልትታጠብ ሄደች። ኮኮናት በኮኮናት የሆነውን ሾርባችንን ተሸክመን ስንመለስ፣ ጠረጴዛችን ላይ አያት የጨመረ ቤተሰብ ዓሣ እየጋጠ ነው።

ጋሽ ቦን ቴክ ሾርባቸውን እንደያዙ በሐዘን አዩዋት።

«ልጄ፣ የሰው ድንበር ነው እኮ የነቀልሽው!»

በአራተኛው ቀን አውሮፕላን ማረፊያ ወሰዷት። የቤዶክ ሰው እሑድ መዝናናት ሲያምረው የሚሄደው ቻንጊ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ይቀዘቅዛል፣ ፏፏቴ አለው፣ የሚበላም ሞልቷል። ማላቲ ግን ከአራት ቀን በፊት የወረደችበትን አዳራሽ ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ሰልቫ፣ በሶፍቱ ምክንያት ነው የሚመልሱኝ?» አለችኝ።

እንግዲህ እኚህ ሰው አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ህዊ ሻን ትባላለች። የዓይናቸው ብሌን ናት። እኛ አገር ወንድ ልጅ ሲያፈቅር አይንበረከክም፤ «ለቤት ዕጣ አብረን እንመዝገብ?» ነው የሚለው። ዚ ሃው የተባለው ጭምት ልጅም ህዊ ሻንን እንዲሁ ጠየቃት። አራት ጊዜ ምሥራቅ ተመዘገቡ፤ አራቱንም ጊዜ ዕጣው ሳይደርሳቸው ቀረ። በአምስተኛው ለአባቷ ሳይነግሩ ምዕራብ ተመዘገቡና ወጣላቸው። ቾዋ ቹ ካንግ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ፤ ገና የሚሠራ ሕንፃ።

ዜናው የተሰማ ዕለት ጋሽ ቦን ቴክ ኮሪደሩን ከጫፍ ጫፍ ተመላለሱበት።

«በቁሟ ሊቀብሯት ነው! አንተ ሰልቫ፣ ይኸው ምስክር ሁነኝ። እኔ እዚያ ቤት አልረግጥም! ወደዚያ ሰፈር ለመኖር የምሄደው አንዴ ነው፤ ያን ጊዜም በእግሬ አልሄድም!»

ሠርጉን በወግ ደገሱ፤ ሕንፃው እስኪያልቅም ሙሽሮቹን እቤታቸው አኖሩ፤ አዲሱን ቤት ግን በአፋቸው አላነሱትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቾዋ ቹ ካንግ የሚል ቃል ከተነሳ ቴሌቪዥኑን ያስጮኹታል። ቁልፉን ለመረከብ እንኳ አብረው የሄዱት ባለቤታቸው እትዬ ስዊ ጌክ ብቻ ናቸው።

የመግቢያው ቀን ደረሰ። ቻይናውያን ጎረቤቶቻችን አዲስ ቤት ሲገቡ ሀብት ተንከባልሎ ይግባ ብለው አናናስ በበሩ ያንከባልላሉ። ሰዓቱ የተቆረጠ ነው፤ ያን ቀን ከረፋዱ አምስት ሰዓት ማለፍ አልነበረበትም። ህዊ ሻን ከዋዜማው ቀን ጀምራ በስልክ ያዘችኝ።

«ወንድም ሰልቫ፣ አናናሱን የሚያንከባልለው አባባ ነው። እሱ ካልመጣ በሩን አልከፍተውም፤ ተዘግቶ ይቅር።»

«እምቢ ቢሉስ?»

«እምቢ ማለትን ከማን የተማርኩ ይመስልሃል? አምጣልኝ በቃ።»

በጠዋት በራቸውን ላንኳኳ ስሄድ ለባብሰው፣ አናናሱን እንደ ሕፃን ታቅፈው ቆመዋል። እትዬ ስዊ ጌክ ማለዳ ሄደዋል።

«የምሄደው እስከ በሩ ብቻ ነው» አሉኝ። «አናናሱ ብቻውን መንገዱን አያውቅም ብዬ ነው።»

ባቡሩ ውስጥ ሲያማርሩ ተጓዝን። ዛፉ ጎብጧል፣ አየሩ ይከብዳል፣ የተሳፋሪው ፊት አያምርም። የምንቀይርበት ጣቢያ ጁሮንግ ምሥራቅ ይባላል፤ ያለው ግን ምዕራብ ነው። «አየህ? ስማችንን ሰርቀው!» ብለው ጮኹ። እየጮኹ ግን የቆሙት በትክክል ከደረጃው ፊት ለፊት በሚከፈተው በር ላይ ነበር። የሾፌር ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ከሕንፃው ማዶ ደረስን። እዚያ አንድ የምግብ አዳራሽ አለ፤ የዓሣ ሾርባ የሚሸጥበት ሱቅ ፊት ሃያ ሰው ያህል ተሰልፏል። ጋሽ ቦን ቴክ ቆሙ።

«ሰልፍ ካለ ነገር አለ» አሉና ከነአናናሳቸው ጅራቱ ላይ ሄደው ገቡ።

«ጋሼ፣ ሰዓቱ!»

«ሰው በባዶ ሆዱ አናናስ አያንከባልልም።»

ስልኬ ጮኸ፤ ህዊ ሻን ናት። ደግማ ደወለች። አራት ጊዜ ደወለች። ሰልፉ እንደ ቀንድ አውጣ ይሳባል፤ አራት ሰዓት ተኩል ሆነ፣ ሃያ ጉዳይም ሆነ። ሰውዬው ሆነ ብለው ሰዓቱን እያሳለፉት መሆኑ ገባኝና ደሜ ፈላ።

«ጋሼ፣ እንዴት እንዲህ ይጨክናሉ? እዚህ ድረስ መጥተው ልጅቷን ሊያስለቅሷት ነው?»

አናናሱን ደረታቸው ላይ አጥብቀው በሰልፉ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አሉ። ተራችን ደረሰ። ባለ ሱቋ፣ ጭልፋ የያዘች ድብልብል ሴት፣ ቀና ብላ አየቻቸውና ፊቷ በራ።

«ውይ ጋሼ! ዛሬ ማክሰኞ አይደለም እኮ፣ ምን እግር ጣለዎ?» ከዚያ አናናሱን አየችው። «እንዴ! ልትገባ ነው? ልጅዎ ልትገባ ነው? እሰይ!» ወደ እኔ ዞረች። «ሁለት ዓመት ሙሉ እኮ ማክሰኞ ማክሰኞ እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጠው ፎቁን ሲቆጥሩ! አሥራ አራተኛው የተጣለ ለታ ለአዳራሹ ሁሉ ሾርባ ጋብዘው የለም እንዴ! ያለ ቃሪያ ነው አይደል ጋሼ፣ እንደ ሁልጊዜው?»

ማክሰኞ ጋሽ ቦን ቴክ ለጉልበታቸው ወጌሻ ዘንድ የሚሄዱበት ቀን ነው። ለኛ የነገሩን እንደዚያ ነው።

ጆሯቸው ቀላ። «መስኮቱን አጣመው እንዳይገጥሙት ብዬ ነው» አሉ። «የምዕራብ ሠራተኛ አይታመንም።» ሾርባውን ይዘው ተቀመጡ፤ ማንኪያውን ግን አላነሱም። «ሲሠሩት ማየት ደግ ነበር፣ ሰልቫ። እስኪያልቅ ድረስ እኔ ቤት ናት። ዛሬ ከገባች ግን ከዚህ በኋላ ወደኔ የምትመጣው ለእንግድነት ነው። ትንሽ ልቆይ ብዬ ነው። ትንሽ ብቻ።»

በአሥራ ስምንት ዓመት ጉርብትናችን ስቄባቸዋለሁ። ያን ሰዓት ግን እንደ አባቴ ወደድኳቸው። ላቅፋቸው ተነስቼም ነበር፤ አናናሱ መሃል ገባና ተውኩት። ሦስት ማንኪያ ጠጡ፣ አፋቸውን ጠረጉ፣ ተነሡ።

አሥራ አራተኛ ፎቅ ስንደርስ ለአምስት ሰዓት ሰባት ደቂቃ ቀርቶታል። ህዊ ሻን የተዘጋው በር ፊት ቆማለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። እትዬ ስዊ ጌክ ወገባቸውን ይዘዋል።

«አባባ! የት ነበራችሁ?»

«ከጣቢያው እኮ ቀጥታ መንገድ ነው» አለ ዚ ሃው፣ ቀስ ብሎ።

ጋሽ ቦን ቴክ አናናሱን ከአንዱ ክንዳቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። ዞር ብለው አዩኝ።

«ጠፋን» አልኩ። «የመራሁት እኔ ነኝ። እሳቸው ይህን ሰፈር ከየት ያውቁታል?»

የጋሽ ቦን ቴክ ወገብ ቀና አለ።

«ምን ይደረግ? ምዕራብ ነዋ!» አሉ። «በይ ልጄ፣ ክፈቺው።»

ህዊ ሻን ከፈተችው። ጎንበስ ብለው አናናሱን ለቀቁት፤ እሳቸውም ጫማቸውን አውልቀው ተከትለውት ገቡ።