ቀይ ኮፍያ ያደረገችው አይጥ

እኔ ወሬ እወዳለሁ። ምን ያስደብቃል? ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የጊዮርጊስ ደወል ሳይደወል የማን ድስት እንዳረረ፣ የማን ባል እንዳኮረፈ እኔ ዘንድ ይደርሳል። ሌላው ቴሌቪዥን ይከፍታል፣ እኔ በሬን እከፍታለሁ። የእኔው መብራት ቢጠፋም አይቋረጥም።

ከወሬ አቀባዮቼ ሁሉ ግን ፌቨንን የሚያህል አልነበረኝም። ያኔ አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ ትርሲት የግድግዳ ጎረቤቴ ናት፤ እዚሁ ፒያሳ ኬክ ቤት ነው የምትሠራው። እሷ እስክትመጣ ልጅቷ እኔ ጋ ትቆያለች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ትጀምርልኛለች። አህያ ታክሲ ውስጥ ገብቶ መስኮት ዳር ተቀመጠ። አስተማሪያችን ጠመኔ ውጣ ነጭ ነጭ አስነጠሳት። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ስር አዞ አለ፣ ጠዋት ጠዋት ጥርሱን በመፋቂያ ይፍቃል። እኔ እንባዬ እስኪመጣ እስቃለሁ። ስቄም አልቀር፣ አዞውን ትንሽ አስረዝሜ ለሌላ ጎረቤት አቀብላለሁ።

«የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ይባል የለ? ልክ ነው። ግን የትኛው ብስል የትኛው ጥሬ እንደሆነ በምን ይለያል? እሱን የነገረኝ የለም።

አንድ ሐሙስ እንዲህ ሆነ። የትርሲት ወንድም እሁድ ሊዳር ነው። ትርሲት የሀበሻ ቀሚሷን አጥባ ግቢያችን ገመድ ላይ አሰጣችና ሥራ ሄደች። ጥለቱ ላይ አበባ የተጠለፈበት፣ ዓይን የሚይዝ ቀሚስ ነው። ከሰዓት ብቅ ስል ገመዱ ባዶ! ፌቨንን ጠራሁና ቀሚሱስ? አልኳት።

ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነገረችኝ። ቀይ ኮፍያ ያደረገች አይጥ መጣች አለችኝ። አይጧ መቀስ ነበራት። ከቀሚሱ ላይ አንድ አበባ ቆርጣ ለአሻንጉሊቷ ሻሽ አሰረችላት። ከዚያ ደንግጣ አለቀሰች። ከዚያ ጋሽ ሰይድ ቀሚሱን በፌስታል ይዞት ሄደ። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» አለኝ አለች። ነገ አዲስ ሆኖ ይመጣል።

ጋሽ ሰይድ ማለት ግቢያችን በር ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው የሚሰፉ አዛውንት ናቸው። የወሎ ሰው፣ ዝምተኛ። እኔ ለዚህ ግቢ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ እዚያችው ነበሩ። ያን ቀን ታዲያ መኪናቸው ላይ ጨርቅ ጥለው ከቦታቸው የሉም።

ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ነገሩን እንደ ምስር ለቀምኩት። አይጥ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አሻንጉሊት ያላት? ብዬ አይጧን ጣልኳት። «ነገ አዲስ ሆኖ ይመጣል» የሚለውንም ጣልኩት። «ይዞት ሄደ» እና «እንዳትነግሪ» የሚሉት ቀሩኝ። ሰው ምስር ሲለቅም ጠጠሩን ይጥላል። እኔ ምስሩን ደፍቼ ጠጠሩን ይዤ ወጣሁ።

የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። እሷም ለአንድ ሰው ብቻ። ትርሲት ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ የተሰበሰበውን ሕዝብ አይታ፣ ሰው የሞተ መስሏት ነጠላዋን ልታዘቀዝቅ ምንም አልቀራት። ወዲያው ጋሽ ሰይድ ከስድስት ኪሎ በኩል ባዶ እጃቸውን መጡ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ቀሚሴን ወስደዋል?»

«ወስጃለሁ ልጄ።»

«የት አለ ታዲያ? ለምን ወሰዱት?»

ፌቨን ከኋላዬ ቀሚሴን ጨምድዳ ይዛለች። እሷን አዩ፣ ጎንበስ አሉ። «ነገ ይመጣል» አሉ።

«ነገማ ሁላችንም እንመጣለን!» አልኩ እኔ። ሰው ሳቀልኝ። ያን ሳቅ አንድ በአንድ ለቅሜ ብመልሰው ምን ነበር?

ከዚያ አንዷ ለስፌት የሰጠችውን የልጇን ዩኒፎርም ከመኪናቸው ላይ አነሳች፣ ሌላዋ መጋረጃዋን። እኔም ጠርዙ ያላለቀ ጉርዴን ከነመርፌው ጎትቼ ወሰድኩ። እሳቸው ቆመው ያያሉ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ቀሚሱ መጣ። ለካ ሽሮ ሜዳ ድረስ ወስደውት፣ ጥልፍ የሚያውቅ ሰው ፈልገው፣ አበባውን በቦታው አስጠልፈውት ነው። ትርሲት አገላብጣ ብታየው ምንም የጎደለው የለም። ይሄኔ ፌቨን እሪ ብላ አለቀሰችና አሻንጉሊቷን ከአልጋ ስር አመጣች። አበባው አሻንጉሊቷ ራስ ላይ። የፌቨን ራስ ላይ ደግሞ ቀይ ኮፍያ። እኔው ነኝ በኪሮሽ የሠራሁላት! ትርሲት እጇ ፈጣን እንደሆነ ግቢው ያውቃል። ጋሽ ሰይድ ልጅቷ እንዳትገረፍ ብለው ነው ሌባ መባልን የመረጡት።

እግራቸው ላይ መውደቅ ያኔውኑ ነበር። እኔ ግን ሰርጉ ይለፍ፣ ሽማግሌ እልካለሁ አልኩ። ሰርጉ አለፈ። ጾም ገባ፣ ጾም ወጣ። አንድ ጠዋት ብቅ ስል በሩ ላይ የመኪናቸው የዘይት ጠብታ ብቻ ቀርቷል። ኮልፌ ያለችው ልጃቸው ወስዳቸዋለች።

ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። የወሰድኩትን ብርቱካን ልጠው ለእኔው አጎረሱኝ። ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። «ይቅር ብዬሻለሁ፣ ተይው እህቴ» አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ «ያ ጉርድሽስ ጠርዙ አለቀልሽ?» አሉ። ለብሼዋለሁ እኮ! በመርፌ ቁልፍ ይዤው። «አለቀ» ብዬ ዋሸሁ። ወደ ሰፈር ይመለሱ ስላቸው፣ መኪናዋ እዚህ ለምዳለች አሉኝ። መኪና ይለምዳል እንዴ? ግን አመንኳቸው። በምን አፌ ልከራከር?

ፌቨን አሁን ሁለተኛ ክፍል ናት። ቦርሳዋን ቀስ ብላ ታወርድና የቤት ሥራዋን ትሠራለች። አዞ የለ፣ አህያ የለ። ባለፈው ሳምንት ዓይኗ ቀልቶ መጣች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ድምፄን አለስልሼ፣ የኔ ቆንጆ ምን ሆነሻል፣ ንገሪኝ፣ ዛሬ አንዲት ቃል ሳልጥል አምንሻለሁ አልኳት።

ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቀፈች።

«እትዬ፣ ለማን ልትነግሪው ነው?» አለችኝ።