መምህር ጌትነት ስክሪን ያስተኙበት ዘመቻ

በዘመነ ማርቆስ፥ በወርኃ ሰኔ፥ ከጭላሎ ተራራ የወረደ ዝናብ የአሰላን መብራት ገና በማለዳ ይዞት በሄደበት ዕለት፥ ኦቦ ጉርሙ በርእሰ መምህርነት ወንበር በተቀመጡ በሰባተኛው ዓመት፥ የመምህራን ማረፊያው ጣሪያ ማፍሰስ ከጀመረ በአራተኛው ክረምት፥ ካርታ ተሸካሚው፥ ጠመኔ ቆጣቢው፥ አንድ ብርጭቆ ሻይ ለሁለት የዕረፍት ጊዜ የሚያዳርሱት የጂኦግራፊው መምህር ጌትነት ያደረጉትን ጀብዱ፥ የኋላ ትውልድ ሰምቶ እንዲደነቅ፥ የዘመኑም ሰው እንዳይክድ፥ በዚህ እንጽፋለን። ያየነውን እንዳየነው ጻፍን፤ ያላየነውን ደግሞ የሻይ ቤቷ ፋጡ አይታ ነግራናለች፥ እርሷም ያላየችው ነገር በትምህርት ቤቱ ግቢ የለም።

ወእምዝ፥ የዘመቻው ምክንያት ይህ ነበር። መምህርት ወለተ ማርያም፥ የአንደኛ ክፍል እናት፥ ሀሁን ከፊደል ገበታ አውርደው በከተማው ሰው ሁሉ አፍ ያስቀመጡት፥ ዕድሜ ልካቸውን ካስተማሩበት ትምህርት ቤት በዚያ ዕለት በጡረታ ይሰናበቱ ነበር። ከምሳ በኋላም ልጃቸው ሲሬ ወዳለው ቤቷ ጠቅልላ ልትወስዳቸው ሚኒባስ ተኮናትራ መጥታለች። እንደ ወጉ በሽኝት ቀን የተሸኚው የሕይወት ታሪክ በጉባኤ ፊት ይነበባል። ይህንንም ታሪክ ለመጻፍ መምህር ጌትነት እስከ ሳጉሬ ሄደው ዘመድ ጠይቀው፥ ጎረቤት አስቸግረው፥ የሞቱትን ሳይቀር በልጆቻቸው አፍ አናግረው፥ «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ፤ አንዲት መስመር አላስቀርም» ብለው በመምህራኑ ሁሉ ፊት ምለው ነበር።

ይህን መሐላ ዝናቡ ሰማ። መምህር ጌትነት ታሪኩን ለማተም የመጨረሻውን ጠዋት ጠብቀው ነበርና፥ ማተሚያው የመጀመሪያውን ወረቀት ገና ሲጎትት መብራቱ ጠፋ፤ ወረቀቱም እስከ ወገቡ ገብቶ ቀረ። ኔትወርኩም መብራቱን ተከትሎ ሄደ። የመምህር ጌትነት ስልክ ደግሞ ባለ ቁልፏ ናት፥ ከሃሎ በቀር ሌላ ሥራ አታውቅም። ስለዚህ የመምህርት ወለተ ማርያም ዕድሜ በሙሉ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ተዘግቶበት ቀረ። ስለ ላፕቶፑም ጥቂት እንበል፦ ማጠፊያው በፕላስተር የታሰረ፥ ቁልፎቹ ፊደላቸው የለቀቀ፥ ሁለት ባለቤት አሰልችቶ ሦስተኛው እጅ የገባ ሽማግሌ ነው። አመሉም ክፉ ነው፤ ክዳኑ ከታጠፈ ወይም አንዴ ከጠፋ፥ ሶኬት ካላገኘ አይነሣም። ባትሪውም ስክሪኑ ቦግ ብሎ ከበራ አንድ ክፍለ ጊዜ አያደርስም። መርሐ ግብሩ ደግሞ የመምህር ጌትነትን ንባብ ከአራት ተናጋሪዎች በኋላ አስቀምጦታል፤ አራቱም ንግግራቸውን «ባጭሩ» ብለው የሚጀምሩ ናቸው። እንግዲህ ስክሪኑ ቀድሞ ከሞተ መምህርት ወለተ ማርያም የራሳቸውን ታሪክ ሳይሰሙ ሲሬ ሊወርዱ ነው። መምህር ጌትነት ይህን ሲያስቡ ጉልበታቸው ከዳቸው።

ይሁን እንጂ ጀግና የራሱ ጉልበት ቢከዳው በሰው ጉልበት ይሄዳልና፥ ሠራዊታቸውን ጠርተው ከማተሚያ ክፍሉ ወደ አዳራሹ ዘመቱ። መምህር ጌትነት ላፕቶፑን እንደተከፈተ በሁለት እጃቸው ዘርግተው በመካከል ሆኑ፤ በቀኝ የፊዚክሱ መምህር ቦና፥ የኤሌክትሪክን ሕግ በቃላቸው የሚያውቁ፥ ኤሌክትሪኩን ራሱን ግን ከማለዳ ወዲህ ያላዩ፥ ቻርጀሩን ለተስፋ ያህል አንጠልጥለው ሄዱ፤ በግራ የበሩ ዘበኛ ከዲሮ፥ አንድ ዘንጉ የተሰበረ ጃንጥላ በላፕቶፑ ራስ ላይ ዘርግቶ፥ መምህራኑን ግን ለዝናብ ሰጥቶ ሄደ፤ ከኋላ ፋጡ የፕላስቲክ ወንበር በራሷ ተሸክማ ተከተለች፤ ከፋጡም ኋላ ክፍለ ጊዜ የሌላቸው፥ ክፍለ ጊዜ ያላቸውም፥ ነገሩ ያልገባቸውም፥ የሚበላ አለ ሲባል የሰሙም ተከተሉ። በበሩ ፊት ያለውን ኩሬም ያለ ጉዳት ተሻገሩ፥ ከአንድ ጫማ በቀር።

በአዳራሹ የጎን ጠረጴዛ ላይ እንደሰፈሩ መምህር ቦና ምክር አመጡ፥ ድምፃቸው ወፍራም ነውና ምክሩ እንደ አዋጅ ተሰማ፦

«ስሙማ! ይሄ ነገር እኮ እጅ ካልነካው ራሱ ብርሃኑን እንዲቀንስ ማድረግ ይቻላል። ሲነኩት ይነቃል፣ ሲተዉት ይተኛል። ባትሪውን የሚበላው ስክሪኑ ነው፣ ሌላ ማንም አይደለም። ሴቲንግ ግቡ በቃ!»

መምህር ጌትነትም ሴቲንግ ገቡ። መግባቱስ ቀላል ነበር። በር ከፍተው ሌላ በር አገኙ፥ እርሱንም ከፍተው ሦስተኛ አገኙ፤ የቀስቷን ፍጥነት ሳያስቡት ለወጡ፥ ሰዓቱን ወደማያውቁት ባሕር ማዶ ሰደዱት፥ ከዚያም አንድ ቁልፍ ሳቱና ስክሪኑ ራሱን ቁልቁል ዘቀዘቀ፤ ሠራዊቱም አንገቱን አጣሞ ቁልቁል ያነብ ጀመር። መካሪ በዛ። አንዱ ግራ ሲል አንዱ ቀኝ አለ፥ አንዱም ጠፍቶ ይነሣ ብሎ ማጥፊያውን ሊጫን ምንም አልቀረውም። በመጨረሻ መምህር ጌትነት፥ መንገድ መፈለግ እንጀራቸው ነውና፥ የገቡባቸውን በሮች አንድ በአንድ ወደ ኋላ ተመለሱ፥ ስክሪኑን አቀኑ፥ የባትሪ ሥዕል ያለባትን ጓዳ አገኙ፥ በዚያም እጅ ካልነካህ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ደብዝዝ የምትለውን ትእዛዝ መረጡ። ከዚያ እጃቸውን አንሥተው፥ ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ። ስክሪኑ ቀስ ብሎ ደበዘዘ። ሠራዊቱ በደስታ አጨበጨበ። በመድረኩ ላይ ገና የጀመሩት የመጀመሪያው ተናጋሪም ጭብጨባው ለእርሳቸው መስሏቸው እጅ ነሡ፥ ንግግራቸውንም አስረዘሙ።

ወእምድኅረ ዝንቱ ፈተና መጣ። አሰላ የጨለመ ነገር ሁሉ ጠፋ የሚባልባት ከተማ ናትና፥ ስክሪኑ በደበዘዘ ቁጥር በጎ አድራጊ በዛ። ፋጡ ሻይ ስታድል አየችው፥ ክው አለች፥ ስኳር በነካ ጣቷ ነካችው፤ ቦግ አለ። ነፍስ ያዳነች መስሏት ለጎረቤቷ አወራች፤ ጎረቤቷም ጠብቃ ሲደበዝዝ ነካችው። ከዚያ በኋላ ከዩኒት መሪው እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ ያልነካው አልነበረም። ሁሉም በፍቅር ነካ፥ ባትሪውም በፍቅር አለቀ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፥ እናድነው ብለው ሊገድሉት ነበር። መምህር ጌትነት ከባትሪው ሩቡ እንኳ እንዳልቀረ ባዩ ጊዜ በፕላስቲኩ ወንበር ላይ ወጡ፥ መድረክ ላይ ሰው እየተናገረ ነበርና አዋጃቸውን በሹክሹክታ አወጁ፦

«ስማ፥ ያልሰማህ ከጎንህ ያለውን ጠይቅ! ይህ ስክሪን አልሞተም፥ ተኝቷል። የተኛን ማንም እንዳይቀሰቅስብኝ። ተራዬ ደርሶ እኔ እስክነካው ድረስ የነካው ጣት ጠላቴ ነው። ፋጡ፥ አንቺን ነው!»

ከዲሮም ጃንጥላውን አጥፎ በጠረጴዛው አጠገብ ዘብ ቆመ። ፋጡ ጣቷን ስላላመነችው እጆቿን በሽርጧ ኪስ ከተተች።

ከዚህ በኋላ ዘመነ ንግግር ሆነ። የመጀመሪያው ተናጋሪ «እንደሚታወቀው» እያሉ ማንም የማያውቀውን ተናገሩ። ሁለተኛው «ከእኔ በፊት የነበሩት እንዳሉት» ብለው ያንኑ ደገሙ። ሦስተኛው ስለ መምህርት ወለተ ማርያም ጀምረው ስለ ራሳቸው ጨረሱ። ኦቦ ጉርሙ «ጊዜ ስለሌለን ባጭሩ» ብለው ሲነሡ ከዲሮ የቆመበትን እግር ለወጠ። ስክሪኑ ግን ይህን ሁሉ ተኝቶ አሳለፈ፥ የቀረችውንም ነፍስ እንደ ክረምት ስንቅ ቆጠበ። እውነቱን ለመናገር ከኋላ የተቀመጠው ጉባኤም ደብዝዞ ነበር፤ ልዩነቱ ጉባኤውን ለመቀስቀስ አንድ ጣት አለመብቃቱ ነው። መምህርት ወለተ ማርያም ብቻ በክብር ወንበራቸው ላይ ነጠላቸውን ደርበው ሁሉንም ነቅተው ሰሙ፤ አንድ ነገር ሲደጋገም መስማት የኖሩበት ሥራ ነው።

የመምህር ጌትነት ስም ሲጠራ ላፕቶፑን ይዘው ወደ መድረኩ ወጡ፥ ጣታቸውንም ዘርግተው ነኩት። ነቃ! ባትሪው ጥቂት ቀርቶታል፤ ግን ቀርቶታል። ንባቡንም ጀመሩ፦ መምህርት ወለተ ማርያም ከሳጉሬ በእህል መኪና ተጭነው፥ በገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጠው አሰላ እንደገቡ፥ መስኮት በሌለው ክፍል ጋቢ ለብሰው እንዳስተማሩ፥ አማርኛ የማይሰሙትን ልጆች ለመቀበል ብለው ቀድመው እሳቸው ኦሮምኛ እንደተማሩ፥ መጀመሪያ የተማሩትም ቃል «ኮቱ» እንደሆነ፥ ና ማለት ነውና፥ አነበቡ። ጉባኤው ሳቀ፥ ጉባኤው አጨበጨበ፥ ከኋላ የተኙትም ተነሡ።

ከዚያም ወደ አንድ አንቀጽ ደረሱ። በዚያ አንቀጽ ውስጥ ጌቾ የሚባል ልጅ አለ። በዚህ ስፍራ ጸሐፊው «አሉ» የሚለውን ትቶ «አለ» ይላል፥ ጌቾ ገና አልነገሠምና። ጌቾ ከእናቱ ጋር ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠብቅ እያደረ ጠዋት ክፍል ውስጥ ይተኛ ነበር። ሌላ መምህር ቢሆን በአለንጋ ይቀሰቅሰው ነበር። እትዬ ወለተ ግን ማስተማራቸውን ሳያቋርጡ በዴስኮቹ መካከል መጥተው፥ ዴስኩን በአንድ ጣታቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጉ ነበር፤ ልጁ ይነቃል፥ ማንም አይስቅበትም።

መምህር ጌትነት «ያም ልጅ» ብለው ጀመሩ፥ ቀጥሎ ያለው ቃል «እኔ ነኝ» የሚል ነበር። አልወጣም። እንባቸው ቀደማቸው፥ ፊታቸውንም በሁለት እጃቸው ሸፍነው ቆሙ። ላፕቶፑ የሰው ልብ አያውቅምና ልቅሶን ከሥራ መፍታት ቆጠረው፤ ደቂቃዋ ስትሞላ ስክሪኑ ደበዘዘ። ሊነካው የሚወድ ሰው ሞልቶ ነበር፥ ግን አዋጅ አለ። መምህር ቦና ጣታቸውን ዘርግተው መለሱ። ፋጡ እጇን ከኪሷ አወጣች፥ መልሳም ከተተች፥ በዚያው ዓይኗን በሽርጧ ጠረገች። ከዲሮ ጃንጥላውን እንደጨበጠ ወደ መድረኩ ተጠግቶ ቆመ።

ያን ጊዜ መምህርት ወለተ ማርያም ከክብር ወንበራቸው ተነሡ። ከዲሮ ሊከለክል አንድ እርምጃ ወጣ፤ ነገር ግን እርሱንም ሀሁ ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸውና ጃንጥላውን ከኋላው ሸሸገ። መምህርት ወለተ ማርያምም በዝግታ መድረኩ ላይ ወጡ፥ ከቁልፎቹ በታች ያለችውን ለስላሳ ስፍራ በአንድ ጣታቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጓት። ስክሪኑ በራ። ከዚያም አንድ አዋጅ አወጁ፥ በዚያ ዕለት ከተነገረው ሁሉ ያጠረ፦

«አይዞህ ጌቾ። ከቆምክበት ቀጥል።»

ጌቾም ፊቱን ጠርጎ ቀጠለ። «ያም ልጅ እኔ ነኝ» አለ። ደግሞም አነበበ፥ እትዬ ወለተ ከጎኑ ሳይቀመጡ ቆመው ሰሙ፥ ሲያነብም አንዲት መስመር አላስቀረም። ስክሪኑ የሞተው ጭብጨባው ሳያበቃ ነው። ፋጡ ሮጣ ነካችው፥ ደጋግማም ነካችው፥ አልተነሣም፤ ማንም አልተቆጣትም።

እንግዲህ ሚኒባሱ ወደ ሲሬ ከሄደ፥ ኩሬውም ከጠለለ በኋላ፥ የዚህ ዜና ጸሐፊ እንዲህ ብሎ ያወድሳል፦ ክብር ለመምህር ጌትነት፥ ሴቲንግ ገብተው በሰላም ለተመለሱት፥ ብርሃን ቀንሰው ታሪክ ላተረፉት፥ የአራት ተናጋሪ ጦር በእንቅልፍ ላሸነፉት። ክብር ለቦና ምክር፥ ለከዲሮ ጃንጥላ፥ ለፋጡም ኪስ። ከሁሉ በላይ ግን ያቺ ጣት ትመስገን፥ አገር ሁሉ ጠፋ ያለውን፥ ተኝቶ ነው ብላ ስትቀሰቅስ የኖረችው።