ከማሽላው መሃል የወጣው እንግዳ

ሰው ሃምሳን ሲሻገር ከእንግዲህ ምን እንደሚሆን ያወቀ ይመስለዋል። አያት ይሆናል፤ ጉልበቱን ያመዋል፤ ስኳር ቀንስ ሲሉት ያኮርፋል። ሌላ ምን ቀረው? እኔም እንደ እናንተው ሳስብ ኖሬ፣ ዘንድሮ እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ከሌላ ፕላኔት የመጣ ፍጡር ሆንኩ።

ሰሚራ የምትባል የጎረቤት ልጅ አለችኝ። ወላጆቿ ከጎንደር በእግራቸው መጥተው እዚህ ወለዷት፤ በአማርኛ ጀምራ በዐረብኛ የምትጨርስ፣ የሰርግ ቪዲዮ እያቀናበረች የምትኖር ልጅ ናት። ከኢንተርኔት በነጻ ባወረደችው ፕሮግራም፣ ሲሞቅ እንደ ወፍጮ ቤት በሚያጓራ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ወራት ተደፍታ ልትሠራው ላሰበችው ፊልም አንዲት የጠፈር መርከብ ሠራች። መርከቧን ለጥቂት ሴኮንድ ለማብረር ኮምፒውተሩ ሁለት ቀን ያምጣል። መብራት ከጠፋማ እንደገና ከሀ ነው።

"ጋሽ መኳንንት፣ መርከቧ ደርሳለች፤ ከውስጧ የሚወርድ ሰው ግን የለኝም" አለችኝ አንድ ቀን። ልብስ ሰፊ ነኝና ልብሱን እንድሰፋላት መስሎኝ እሺ አልኩ። ለካ ለባሹም እኔ ኖሬያለሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ፣ መኪና ከፀሐይ ከሚከለልበት ብርማ ሸራ ልብሱን ሰፋሁ፤ ለራስ ቁሩ ጀሪካን ቆረጥን። የገዳሪፍን ፀሐይ የምታውቁ ፍረዱኝ፤ ውስጡ ሰው ሳልሆን የተቀቀለ ድንች ነበርኩ።

የምንቀርጽበት የማሽላ እርሻ ባለቤት በማግስቱ ማጨጃ ሊያስገባ ስለነበር ቀረጻው በአንድ ቀን ማለቅ አለበት። ድርሰቱ ቀላል ነው፤ እኔ ከማሽላው መሃል ብቅ ስል፣ ገበሬ ሆነው የሚተውኑት ሁለት ጓደኞቿ ጮኸው ይሸሻሉ። ሰባት ጊዜ ሞከርን። ሰባቱንም ጊዜ እኔን ሲያዩ በሳቅ ወደቁ። ፀሐይ አዘቀዘቀች፤ ሰሚራ ልታለቅስ ደረሰች።

በስምንተኛው ብቅ ስል ፊቴ የቆሙት ሌላ ሰው ናቸው፤ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ፣ አህያቸውን እየነዱ ወደ ቤታቸው የሚያልፉ ሱዳናዊ ሽማግሌ። እኔ ደነገጥኩ። እሳቸው አልደነገጡም። ከራስ እስከ እግር አዩኝና "ሰላሙ አለይኩም" አሉ። ጤናዬን ጠየቁ፤ ቤተሰቤን ጠየቁ፤ "ዘንድሮ እናንተ ዘንድ ዝናቡ እንዴት ነው?" አሉ። ከዚያ የውሃ ኮዳቸውን ከአህያው ፈተው "አተፈደል፣ እንካ ጠጣ፤ ከሩቅ የመጣህ ትመስላለህ" ብለው ዘረጉልኝ። ጀሪካኔን አውልቄ ጠጣሁ። እንዴት እንደጣመኝ!

ሰሚራ ሮጣ መጥታ ፊልም መሆኑንና ካሜራው እንደቀረጻቸው ነገረቻቸው፤ ለሰው ላሳየው ወይ ብላም ፈቃድ ጠየቀች። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁና "አሳዪ ልጄ፣ ውሃ መስጠት ምን ነውር አለው?" ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

"ኻላስ፣ በቃ!" አለች ሰሚራ፣ ድርሰቱን ሁለት ቦታ እየቀደደች። "በኔ ፊልም ማንም አይሸሽም።"

ፊልሙ በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት፣ መስኮቱ በአንሶላ ተጋርዶ፣ በጠራራ ፀሐይ ታየ። የኛ ሰው፣ የአገሬው ሰው፣ ከኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ የመጡ ወጣቶች፣ ከካርቱም ጦርነት የሸሹ ቤተሰቦች ተጠጋግተው ተቀመጡ። ሽማግሌው ስለ ዝናብ ሲጠይቁ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ውሃውን ሲዘረጉ እልልታው ቀለጠ፤ አጠገቤ የነበረች የካርቱም ሴት ግን በመጎናጸፊያዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ካለቀ በኋላ ወሬው ሁሉ ስለ ሽማግሌው ሆነ። የእኔን ልብስ ያነሳ የለም፤ ይሁን። ሰሚራ ግን ደስታና ኩርፊያ ተደባልቆባት መጣች።

"ጋሽ መኳንንት፣ ያን ያህል የለፋሁባትን መርከብ ማን ሠራት ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም!"

"ምን ብለው ይጠይቁ፣ ልጄ? የምር መጥታ ያረፈች መስሏቸው!"