ሠራተኞች ለምን ይለቃሉ?

ተናጋሪዎች
የሺሐረግ፦ ቃሊቲ ባለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ትሠራለች፤ በማታ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች።
እምነት፦ የአክስቷ ልጅ፤ ለየሺሐረግ ጥናት መጠይቅ ስታስሞላ ከርማለች።

(ቅዳሜ ከሰዓት፣ አቃቂ፣ የየሺሐረግ ቤት። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕ ተከፍቷል። እምነት ፊቷን አዙራ ተቀምጣለች።)

እምነት፦ አልታረቅም። ጥገኛ ብለሽኛል።

የሺሐረግ፦ አንቺን አይደለም አልኩሽ እኮ። ጥገኛ ተለዋዋጭ ነው ያልኩት።

እምነት፦ ይባስ ብሎ ተለዋዋጭ። ቤትሽ ትንሽ ሰነበትኩ እንጂ መቼ ተለዋወጥኩብሽ?

የሺሐረግ፦ የስታትስቲክስ ቃል ነው። ጥገኛው ሥራ መልቀቅ ነው፤ በሌላ ነገር ላይ ስለሚንጠለጠል። ደመወዝ፣ ርቀት፣ ዕድሜ፣ ትዳር ደግሞ ገለልተኛ ተለዋዋጮች ናቸው።

እምነት፦ ትዳር ገለልተኛ ነው?

የሺሐረግ፦ አዎ።

እምነት፦ አማት ስለሌለሽ ነው።

የሺሐረግ፦ ስሚኝ ዝም ብለሽ። ሥራ አስኪያጁ «የሚለቁት በደመወዝ ነው» ይላል። የፈረቃ አለቃው «በርቀት ነው» ይላል። ሁለቱም አንዷን ምክንያት ይዘው ድርቅ። እኔ ሁሉንም አንድ ላይ አስገብቼ የእያንዳንዱን ድርሻ እለያለሁ። ባለብዙ ተለዋዋጭ ትንተና ይባላል።

እምነት፦ እንዴት ነው የሚለየው?

የሺሐረግ፦ አንዲት ሴት አለች እንበል። ቤቷ ሩቅ ነው፣ ደመወዟ ትንሽ ነው፣ ሕፃን ልጅ አላት። ለቀቀች። ያስለቀቃት ርቀቱ ይሁን ደመወዙ ለማወቅ ልጁን እቆጣጠረዋለሁ።

እምነት፦ (ወደ እሷ ዞራ) የት አድርገሽ?

የሺሐረግ፦ በሒሳብ ነው የምቆጣጠረው።

እምነት፦ በእጅ የሚቆጣጠርላት ብታገኝ መቼ ትለቅ ነበር።

የሺሐረግ፦ (ላፕቶፑን እያዞረችላት) አሁን ወደ ቁም ነገሩ። መጠይቁን ያስሞላሽው ለጠዋት ፈረቃ ነው አይደል?

እምነት፦ አዎ። ለከሰዓቶቹ ሰኞ እጀምራለሁ።

የሺሐረግ፦ ውጤቱን ተመልከቺ። ከጠየቅሻቸው ውስጥ ሩቅ ያለችውም ለቃለች፣ የፋብሪካው አጥር ሥር የምትኖረውም ለቃለች። ያገባችውም ያላገባችውም። አንዱም ተለዋዋጭ ለውጥ አያመጣም። ከከሰዓት ፈረቃ ግን ንቅንቅ ያለች የለም። አየሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ሻይ ቤት ቁጭ ብለሽ ራስሽ ነሽ የሞላሽው?

እምነት፦ እኔ? በምሳ ሰዓታቸው አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ሦስቱንም ገጽ ቃል በቃል እያነበብኩ? አንዲት ጥያቄ እንዳትዘዪ ብለሽ አስምለሽኝ?

የሺሐረግ፦ ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?

እምነት፦ እኔ ምን አውቄ። ሲጠየቁ ግን ደስ ይላቸው ነበር። መጀመሪያ የጠየቅኳት ኡምሀኒን ነው፤ ያቺን ቁልፍ የምትተክለዋን። ታክሲ ጥበቃ ስንት ሰዓት ትቆሚያለሽ ስላት ሣቀች፤ «ይቻላል» አለች። ወገብሽን ያምሻል ወይ ስላት «ይቻላል»። ልጅሽ ሲታመም ፈቃድ ታገኛለሽ ወይ ስላት መሣቋን ተወች፤ እሱንም «ይቻላል» አለች።

የሺሐረግ፦ ከዚያስ?

እምነት፦ ስንጨርስ «እስቲ ያልኩትን መልሰሽ አንብቢልኝ» አለችኝ። አነበብኩላት። «እያንዳንዱን ለየብቻው ችዬው ኖሬያለሁ። አንድ ላይ ተደርጎ የሰማሁት ግን ዛሬ ነው» አለችና ጋዎኗን አጣጥፋ ሄደች።

የሺሐረግ፦ ወዴት ሄደች?

እምነት፦ ቂሊንጦ። አዲስ የተከፈተ ፋብሪካ አለ፤ ሰርቪስ አለው፣ ሕፃናት ማቆያ አለው። ለጓደኞቿ ነገረቻቸው መሰለኝ፣ በማግስቱ ተሰልፈው ጠበቁኝ። ጥናት እንዲህ የሚወደድ አይመስለኝም ነበር።

የሺሐረግ፦ (ጭንቅላቷን ይዛ) እምነት። ያስለቀቃቸው መጠይቁ ነው።

እምነት፦ መጠይቁን የጻፍሽው አንቺ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?

የሺሐረግ፦ ሁሉንም አንድ ላይ ደምሩት ብዬ ባደባባይ አስተማርኳቸው። ሥራ አስኪያጁ «ሰው እንዳይለቅ አጥኚልኝ» ብሎ እኮ ነው የፈቀደልኝ። አሁን ምን እለዋለሁ?

እምነት፦ ሰኞ ለከሰዓቶቹ ልቀጥል?

የሺሐረግ፦ እንዳትሞክሪው። ደግሞ ነገሩ አይገባኝም። ጥያቄ ብቻውን እንዴት ሰው ያስለቅቃል?

እምነት፦ (ከቦርሳዋ መጠይቅ አውጥታ) እንሞክረው። ሥራ ቦታሽ በምን ትሄጃለሽ?

የሺሐረግ፦ በሁለት ታክሲ። ምንም አይልም፣ ለምጄዋለሁ።

እምነት፦ ምሳሽን የት ትበያለሽ?

የሺሐረግ፦ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ስልክ እያነሳሁ።

እምነት፦ ለፈተና ፈቃድ ይሰጡሻል?

የሺሐረግ፦ ከዓመት ዕረፍቴ ይቀነሳል።

እምነት፦ አለቃሽ ሥራሽን አመስግኖ ያውቃል? (የሺሐረግ ጣሪያውን ታያለች።) «አላስታውስም» ልበል?

የሺሐረግ፦ አያውቅም በይ።

እምነት፦ እሺ። አሁን ወደ ሁለተኛው ገጽ...

(የሺሐረግ ላፕቶፑን ቀስ ብላ ትዘጋለች።)

የሺሐረግ፦ ያ የቂሊንጦው ሰርቪስ በየት በኩል ነው የሚያልፈው?

እምነት፦ እሱን እንኳ ሌሎቹ ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ነበር የሚጠይቁኝ። እዚሁ አቃቂ ድልድዩ ጋ ይቆማል። ግን በጊዜ ውጪ፤ በእነሱ ሞልቶ ነው የሚመጣው።